ሰባት ቤት ፍለጋ ወደ ፎገራ

ሰኞ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ የሚወርድ ሰው ሲነሳ የደረበውን ልብስ፣ ሲደርስ በክንዱ ተሸክሞት ይገኛል። ይህን የነገረኝ የእናቴ ወንድም አያ ፈንታ ነበር፤ እኔ ግን በጥር ብርድ ጣቴ ደንዝዞ ስለነበር አላመንኩትም። ነጠላና የእናቴን ጋቢ ደርቤ ወጣሁ። ከእኛ ሰፈር ፎገራን ያየ ሰው ጥቂት ስለሆነ፣ ስመለስ ሁሉም «እስቲ ንገሪን» አሉኝ። በሰው ፊት መናገር አይሆንልኝም። ስለዚህ ጻፍኩት።

ጉዞው ሁለት ምክንያት ነበረው። አያ ፈንታ ጉልበቱን ያመዋል፤ ወንዛዬ ፍል ውሃ ለመታጠብ ከተመኘ ቆይቷል። የእኔ ምክንያት አድማሱ ነው። አድማሱ ወፍጮ ቤት ይሠራል፤ ቅንድቡን ከዓመት እስከ ዓመት ዱቄት አይለየውም። እሱም እንደ እኔ ዐይነ አፋር ስለሆነ ብዙ ተነጋግረን አናውቅም። የእኔን እህል ሲፈጭ ግን ድንጋዩን አስቀድሞ ይጠርግ ነበር፤ የሌላ ሰው ዱቄት እንዳይቀላቀልብኝ። በኋላ ሽማግሌ ላከ፤ እናቴም እሺ አለች።

ሽማግሌዎቹ በተቀመጡበት የአድማሱ አባት አቶ ወርቅነህ፣ «የልጅቱ አባት፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የየት ሰው ነበር?» ብለው ጠየቁ።

«የፎገራ ሰው ነው፤ የቁሐር ሚካኤል። የጓንጉል ብሩ ልጅ» አለች እናቴ።

አቶ ወርቅነህ የያዙትን ብርሌ መልሰው አስቀመጡ። «የእኔም እናት ከቁሐር ሚካኤል ነው የመጣችው። የብሩ ልጅ ነበረች።»

ሰባት ቤት ያልሞላ ዘመድ አይጋባም፤ ይህን እንኳን ሽማግሌ ሕፃንም ያውቃል። አባቴ በጠላት ዘመን ከአገሩ ወጥቶ በዚያው የቀረ፣ እኔ ነፍስ ሳላውቅ የሞተ ሰው ነው። ከአያቴ ወዲያ የሚቆጥርልኝ አልነበረም። የአቶ ወርቅነህ እናትም በልጅነታቸው ሞተውባቸዋል። የሁለታችንም ቤት የንስሐ አባት ቄስ አለባቸው፣ «ብሩ የሚባል ሰው አንድ ብቻ አይደለም። ከዘሩ ወገን ቆጣሪ ይፈለግ። ባዳ ከሆኑ ጾሙ ሳይገባ እናጋባለን። ከተዛመዱ ነገሩ ይቅር» አሉ።

አያ ፈንታ ፊደል አልቆጠረም። እኔ አራተኛ ክፍል ድረስ ተምሬአለሁ። የሚቆጠረውን የሚጽፍ ሰው ስላስፈለገ አብሬው ወረድኩ።

ገብስ በጫነ መኪና ላይ፣ ከጆንያው በላይ ተቀመጥን። ዓለም በር አካባቢ ጎማው ፈነዳ። ሾፌሩ መኪናው ሥር ገብቶ ሲታገል፣ ጎማ ነክቶ የማያውቅ ተሳፋሪ ሁሉ ከላይ ሆኖ ይመክረው ነበር። አያ ፈንታ፣ «ከእኔ ጉልበት ይልቅ ይህን ጎማ ነው ወንዛዬ መውሰድ» አለ። ሾፌሩ ከሥር ሆኖ ሳቀና ምክሩን ሁሉ ረሳው።

ወረታ የደረስነው ጀንበር ስትጠልቅ ነው። ጋቢውም ነጠላውም በክንዴ ላይ ነበሩ። አየሩ ከምድጃ አጠገብ የተቀመጡ ያህል ይሞቃል። ያደርነው አያ ፈንታ ጨውና ክር ከሚገዛቸው ነጋዴ ከአቶ ኑሩ ቤት ነው። ሚስታቸው እትየ ዘይነባ ገና ሳንቀመጥ ከመደርደሪያ ላይ አንድ ድስት አውርዳ አሳየችን።

«ይህ የክርስቲያን ድስት ነው። የእኛ ሥጋ ገብቶበት አያውቅም። ለእናንተ ወገን ካልሆነ አይወርድም።»

«መቼ ተጠመቀ?» አላት አያ ፈንታ።

«አንተ በበላህበት ቁጥር ነዋ።»

በዚያ ድስት ሽሮ ሠራችልን። በእኛ ሰፈር እንግዳ ሲመጣ ቤት ያፈራውን እናቀርባለን እንጂ የእንግዳውን ሃይማኖት አስበን ዕቃ ለይተን አናስቀምጥም። ስመለስ ይህን ለእናቴ ነገርኳት፤ እሷም አንድ ድስት ለየች።

ማክሰኞ

ከወረታ ወደ ቁሐር ሚካኤል በእግር ሄድን። ሜዳ ማለት ምን እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅሁት። በእኛ አገር አንዱ ቤት ሌላውን ወይ ከላይ ወይ ከታች ያየዋል። እዚህ ሁሉም እኩል ነው፤ ከብት እንኳን ከሩቅ ሲመጣ ከሰማይ የሚወርድ ይመስላል። ዛፍ ስለሌለ የሚነደው ኩበት ነው። መሬቱ ጥቁር መረሬ ሆኖ በጥር ይሰነጣጠቃል፤ ስንጥቁም እግር ይውጣል። የእኔን ዋጠው። እግሬ ወጣ፤ የጫማዬ ማሰሪያ ግን ተበጥሶ ቀረ። አጎቴ ፊት «ጫማዬ ተበጠሰ» ማለት አፍሬ በአንድ እግሬ እየጎተትኩ ደረስኩ።

አያ ካሳ የአባቴ ታናሽ ወንድም ነው። አባቴ ከአገር ሲወጣ ገና ጥጃ ጠባቂ ነበር አሉ። ማንነታችንን አያ ፈንታ ሲነግረው በረቱን ሳይዘጋ ትቶ መጣና ፊቴን በሁለት እጁ ያዘ። ሚስቱ እትየ ዘነቡ ናት የተናገረችው።

«ምን ታፈጣለህ? አፍንጫዋ አይበቃህም? ልጅቷ በአንድ እግሯ ቆማለች።»

ጫማዬን ነጥቃኝ ከበሬ ማነቂያ የተረፈ ጠፍር ቆርጣ ሰፋችልኝ። ዛሬም ያ ጠፍር አለ። አያ ካሳም ወተት አስቀረበና፣ «የወንድሜ ልጅ ሳትጠግብ ማንም አይጠጣም» አለ። በእኛ ሰፈር ወተት በብርጭቆ ይገዛል። እዚህ በቅል ነው፤ ቅሉ ሲጎድል እትየ ዘነቡ ትሞላለች፤ እኔም አይበቃኝም ማለትም በቃኝ ማለትም አፍሬ ሆዴ እስኪወጠር ጠጣሁ።

በቤቱ ግድግዳ ላይ ከወገቤ ከፍ ብሎ የጭቃ መስመር ይታያል። ክረምት ሐይቁ ሲሞላ ውሃው የሚደርስበት ነው። «ያን ጊዜ ምን ትሆናላችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«ቆጥ ላይ እንወጣለን» አለች እትየ ዘነቡ። «ካሳ ከታች አሳ ያጠምዳል፤ እኔ ከላይ እሰድበዋለሁ።»

ከእራት በኋላ አያ ፈንታ የመጣንበትን ነገረ። አያ ካሳ ሰምቶ ሲጨርስ፣ «በቁሐር ብሩ የሚባሉ ሁለት ነበሩ» አለ። «የእኛው ብሩ ወንዴ ነው። የአባቴ የጓንጉል አባት። የምትሉት ሰውዬ እናት ከየትኛው ብሩ እንደሆነች አላውቅም። ግን ለጣራ ገዳም መሬት የሰጠው የእኛው ነው። ሲሰጥ ልጆቹን አስጽፏል። ሴትዮዋ ከተጻፈች የእኛ ናት። ካልተጻፈች የሌላው ናት፤ እናንተም ተጋቡ።»

«ለራስህም ቢሆን ጽሑፉን አስመጣው» አለች እትየ ዘነቡ። ወደ እኔ ዞራም፣ «ርስት ተከሶ ነው። ‹ጓንጉል የብሩ ልጅ ስለመሆኑ ማን ያውቃል› የሚል ጎረቤት ተነሥቶበታል። ዳኛው ከጣራ ገዳም ጽሑፍ አምጣ ብሎታል፤ እሱ ግን ዛሬ ነገ ይላል» አለችኝ።

አያ ካሳ እሳቱን ቆሰቆሰ።

ረቡዕ

በመኪና አዲስ ዘመን ደረስን፤ ከዚያ ወደ ጣራ ገዳም በእግር ወጣን። አያ ፈንታ በየዕርምጃው ጉልበቱን ይረግም ነበር፤ እኔ ግን ደስ ብሎኛል። ዛፍ ነው። ወይራና ጽድ፣ የቅጠል ሽታ፣ ቀዝቃዛ ጥላ። ደብረ ታቦርን ከተለየሁ ገና ምንም ሳልቆይ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

የገዳሙን ዕቃ ቤት የሚጠብቁት አባ ገብረ ሥላሴ ናቸው። አያ ፈንታ «ይፍቱን አባቴ» ብሎ ነገሩን ሲያስረዳ እኔ ከኋላው ቆሜ ነበር።

«ዕቃ ቤቱ በሦስት ቁልፍ ነው የሚከፈት» አሉ። «አንዱ በእኔ እጅ ነው። አንዱ በአበምኔቱ። አንዱ ባላገሩ በመረጠው ሽማግሌ እጅ። አንዱ ከጎደለ አይከፈትም። አንዱ ሰው ብቻውን ቢከፍተው ሰይጣን ሁለተኛ ሆኖ ይገባል።»

«ሽማግሌው የት አሉ?»

«ሰርግ ሄደዋል። አዲስ ዘመን።»

እኛ የመጣንበት ከተማ ነው። አያ ፈንታ ጉልበቱን እያሸ ቁልቁል ወደ መንገዱ አየ። «ስንወጣ አልፈናቸው ይሆናል» አለ። «የዘፈን ድምፅ ነበር።»

ከቅጥሩ ውጭ ባለው የእንግዳ ቤት አደርን። አንዲት መነኩሴ ረቡዕ በመሆኑ የሽምብራ ንፍሮ አመጡልን። የፎገራ ሽምብራ ነበር፤ እንደ ቅቤ ይሟሟል።

ሐሙስ

ሽማግሌው ረፋድ ላይ ደረሱ። ዐይናቸው ገና የሰርግ እንቅልፍ ነበረበት፤ ቁልፉ ግን እንደ ማተብ አንገታቸው ላይ ነው። ሦስቱ ሰዎች ተራ በተራ ከፈቱ።

ዕቃ ቤት ሴት አይገባም። አባ ገብረ ሥላሴ ለእኔ ብለው በደጀ ሰላሙ ጥላ ሰሌን አነጠፉልኝ። «እጅሽን ታጠቢ» አሉኝ።

«አልነካም አባቴ።»

«ለመንካት አይደለም፤ ለመቅረብ ነው።»

ታጠብኩ። መጽሐፉን ሲፈልጉ በመንገዳቸው ያገኙትን ሁሉ እያወጡ ያሳዩኝ ነበር። የተቀደደ ጋሻ፣ ቀለሙ የለቀቀ የከፋይ ካባ፣ እጀታው የጠፋ ጃንጥላ፣ የአንዲት ሴት የብር አምባር። «ይህን የሰጡት ልጃቸው ከዘመቻ ስለተመለሰ ነው» ይሉኛል። «ይህን ደግሞ ስላልተመለሰ።» በእኛ ቤት የሞተ ሰው ዕቃ ለዘመድ ይከፋፈልና ይበተናል፤ ከአባቴም የቀረን አንድ ቀበቶ ነው። እዚያ ግን የሞተ ሰው ዕቃ ተሰብስቦ ይኖራል። የአባቴም አንድ ነገር እዚያ በነበረ ብዬ ተመኘሁ።

መጽሐፉ ከቆዳ ማኅደሩ ሲወጣ የጭስና የእጣን ሽታ ነበረው። ብራና ነው። መሐሉ የቅዱሳን ገድል ሲሆን ርስት የሰጠ ሰው ስም በዳርና በዳሩ ተጽፏል።

«ማንን ነው የምትፈልጉ?»

«ብሩ ወንዴን» አለ አያ ፈንታ።

ገለጡ፣ ገለጡ፤ አጡ። «ጓንጉል ብሩን» አልን፤ የለም። የአቶ ወርቅነህን እናት ስም «ጥሩነሽ ብሩን» አልን፤ የለችም። አያ ፈንታ ፊቱ ፈካ። ጥሩነሽ የለችም ማለት የሌላው ብሩ ልጅ ናት ማለት ነው።

አባ ገብረ ሥላሴ ግን ሳቁ። «ብሩ! እግዚአብሔር ብሩን በየት ያውቀዋል? ቤተ ክርስቲያን የሚጻፈው የክርስትና ስሙ ነው። የክርስትና ስሙን ማን ብላችሁ መጣችሁ?»

ሁላችንም ይህን የምናውቅ ሰዎች ነን። ሁላችንም ረስተነው የዓለሙን ስም ተሸክመን ተራራ ወጣን።

«መሬቱን ታውቃላችሁ? ሰው ሁለት ስም አለው፤ መሬት ግን አንድ ነው።»

እትየ ዘነቡ ማክሰኞ ማታ ስለተከሰሱበት ርስት ስታወራ ‹ዋንዛ ማሳ› ስትል ሰምቼ ነበር። አፌን ለመክፈት ጊዜ ወሰደብኝ። «ዋንዛ ማሳ» አልኩ።

መስመሩን በጣታቸው ይዘው ወረዱ፤ አንድ ቦታ ላይ ቆሙ። ግእዙን ወደ አማርኛ እየመለሱ አነበቡልኝ። የቁሐሩ ገብረ ሚካኤል ከዋንዛ ማሳ ድርሻ ለገዳሙ ሰጥቷል፤ ልጆቹም ወልደ ጊዮርጊስና ወደ ደብረ ታቦር የተዳረችው ወለተ ሥላሴ ይህን እንዳያፈርሱ ታዘዋል።

«ወለተ ሥላሴ የምትባል ዘመድ ታውቃላችሁ?» ብለው ጠየቁ።

አያ ፈንታ «እኛ እንጃ» አለ። እኔ ግን አውቅ ነበር። አቶ ወርቅነህ ለእናታቸው በየዓመቱ በቤተ ክርስቲያናችን ዝክር ያወጣሉ፤ ቄስ አለባቸው በጸሎቱ መካከል «ለወለተ ሥላሴ» ሲሉ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ። ዝም ልል እችል ነበር። የተናገርኩት የአፍ ልማድ ሆኖብኝ አይደለም፤ ሰው ሲጠይቅ መዋሸት ስላልቻልኩ ነው።

«የአድማሱ አያት ናቸው» አልኩ።

አያ ፈንታ በጣቱ ቆጠረ። ከገብረ ሚካኤል ወለተ ሥላሴ፣ ከእሷ ወርቅነህ፣ ከእሱ አድማሱ። በሌላው ጣቱ ጓንጉል፣ አባቴ፣ እኔ። ሦስት ቤት። ሰባት የት፣ ሦስት የት። እጁን አጥፎ በጉያው ከተተው።

እኔ መጻፊያዬን አውጥቼ የተነበበልኝን እንዳለ ጻፍኩ። አባ ገብረ ሥላሴ መጽሐፉን ወደ ማኅደሩ እየመለሱ፣ «ልጄ፣ መጽሐፍ የነገሩትን ነው የሚይዝ» አሉኝ። ለማጽናናት ያሉኝ መሰለኝ። ለመንገድ አንድ ድፎ ሰጡን።

ዓርብ

ቁሐር ስንደርስ አያ ካሳ በር ላይ ቆሞ ነበር። ያነበብኩለትን ሲሰማ ፊቱ በራ፤ ወልደ ጊዮርጊስ የጓንጉል የክርስትና ስም ነው፤ በገዳሙ መጽሐፍ የብሩ ልጅ ተብሎ ተጽፏልና ክሱ አለቀ። ከዚያ የእኔን ፊት አየና ደስታውን ዋጠው። ለዳኛው የሚሆን ግልባጭ እንድጽፍለት ሊለምነኝ ፈልጎ ሲያመነታ ገባኝ። ሳይጠይቀኝ ተቀምጬ ጻፍኩለት። ሲቀበለኝ ዐይኔን አላየም። እትየ ዘነቡ ዓርብ በመሆኑ ወተት ልትሰጠኝ ስላልቻለች የሽምብራ እሸት ከነግንዱ አምጥታ ጭኔ ላይ ከመረችና፣ «ፈልፍይ። እጅ ሥራ ሲይዝ ልብ ያርፋል» አለችኝ።

ቅዳሜ

እስከዚህ ድረስ ያለውን በተመለስኩ ሰሞን ነው የጻፍኩት። የዚህን ቀን ግን፣ «ወንዛዬ ሄድን፤ አያ ፈንታ ታጠበ፤ እኔም ታጠብኩ» ብዬ አልፌው ነበር። የሰፈራችን ሰው ያነበበውም እንዲሁ ነው። ዛሬ መሬት ላራሹ ታውጆ ርስት የሚባል ነገር ቀርቷል። አያ ካሳም ዐፈር ገብቷል። አሁን ብጽፈው ማንም የሚያጣው ነገር የለም።

አያ ካሳ በቅሎውን ለአያ ፈንታ ሰጠው። ጎህ ሳይቀድ ወጥተን ፀሐይ ሲከር ወንዛዬ ደረስን። ውሃው ከመሬት ሲወጣ እንፋሎቱ ይታያል። ሰው ከየአገሩ መጥቶ በሣር ጎጆ ይሰፍራል፤ አንካሳው፣ ቁስለኛው፣ መካኒቱ። ወንዶች በአንድ ወገን፣ ሴቶች በአንድ ወገን ይታጠባሉ።

በሰው ፊት ልብስ ማውለቅ ለእኔ ሞት ነው። ከድንጋይ ጀርባ ሆኜ ስንገላታ አንዲት ያረጁ መነኩሴ ከውሃው ውስጥ ጠሩኝ።

«ነይ ግቢ። እዚህ ሁላችንም እንደተወለድን ነን፤ አንቺን የሚያይ ትርፍ ዐይን የለንም።»

ሴቶቹ ሳቁ። ገባሁ። ውሃው መጀመሪያ ይለበልባል፤ ኋላ አጥንት ያላላል። መነኩሴዋ ሳልጠይቃቸው ጀርባዬን ማሸት ጀመሩ። እማሆይ ብርሃኔ እንደሚባሉ ነገሩኝ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የአባቴን ስም ነገርኳቸው። የአያቴን ስጨምር እጃቸው ቆመ።

«የጓንጉል? የቁሐሩ ጓንጉል የልጅ ልጅ?» ወደ ፊቴ ዞረው አዩኝ። ሌሎቹ ሴቶች ወደ ሙቁ ምንጭ ተጠግተው ነበር። «ጓንጉልን በዚህ ጀርባዬ አዝየዋለሁ። ሲመጣ አንገቱ ራሱን አይሸከምም ነበር።»

«ከየት ሲመጡ?»

«አልነገሩሽም?» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «በክፉ ቀን ነው። እናቱ ከአገሯ ተሰዳ ከጉማራ ወንዝ ዳር ወድቃ ነበር። እሷ ሞታለች፤ ልጁ አልሞተም። ብሩ አነሣው። ብሩ ከአንዲት ሴት ልጅ በቀር አልነበረውም። አንድ ቀፎ ቀርቶት ነበርና ማር አስቆረጠ፤ አውራ ጣቱን ማር አስነክቶ ልጁን አጠባው። ‹ከዛሬ ጀምሮ ልጄ ነህ፤ የጡት አባትህ ነኝ› አለ። ሁለት ሰዎች ምስክር ሆኑ። እኔ እንስራዬን ይዤ ቆሜ አይቻለሁ። ምስክሮቹ በዚያው በክፉ ቀን አለቁ። ከኋላ የመጣው ሰው ልጁ ነው ሲባል ልጁ ነው አለ።»

አያቴ የብሩ ሥጋ ካልሆነ፣ እኔና አድማሱ ሦስት ቤት አይደለንም። ሰባት ቤትም አይደለንም። ባዳ ነን።

«አያ ካሳ ያውቃል?» አልኳቸው።

«አባቱ ሲሞት ነግሮት ይሆናል። እኔ ጠይቄው አላውቅም። የሚኖርበትን መሬት በምላሴ አልነቅልበትም። ለአንቺ የነገርኩሽ የገዛ ደሙ ስለሆንሽ ነው።» ጀርባዬን ማሸታቸውን ቀጠሉ። «አያትሽ ደግ ሰው ነበር። ማር ግን አይወድም ነበር።»

በዚያ ምሽት አያ ፈንታ ጉልበቱን እያጠፈና እየዘረጋ፣ «ይኸው፣ ይኸው» ይለኝ ነበር። አንድ ቃል ብነግረው ነገሩ ባለቀ። እሱ ለሽማግሌዎቹ ይናገራል፤ ጾሙ ሳይገባ እዳራለሁ። ግን ለሽማግሌ የተነገረ ነገር ገበያ ይወርዳል። አቶ ወርቅነህ ራሳቸው የብሩ የልጅ ልጅ ናቸው፤ ርስቱ ይገባኛል ሊሉ ይችላሉ፤ የቁሐሩም ከሳሽ ይሰማል። አያ ካሳ ከዋንዛ ማሳ ይነቀላል። እትየ ዘነቡ ያንን ቤት፣ ያንን የጭቃ መስመር ትታ የት ትገባለች? ለቄስ አለባቸው በንስሐ ልንገራቸው ብዬም አሰብኩ። ግን ለራሷ የምትመሰክር ሙሽራ ማን ያምናታል? ቆጣሪ ከዘሩ ወገን የሆነ ሽማግሌ ነው። ጫማዬን አውልቄ ጠፍሩን ስነካካ ቆየሁ። አልነገርኩትም።

እሑድ

ከወንዛዬ ተመልሰን ለመሰናበቻ እዚያው ቁሐር አደርን። አያ ካሳ ሙክት አርዶ ነበር። እየበላን፣ «ወንዛዬ እነማንን አገኛችሁ?» አለ።

አያ ፈንታ በወንዶቹ ወገን ያገኘውን ሁሉ ቆጠረ፤ ግማሹን የጨመረበት ይመስለኛል።

«ከሴቶቹስ?» አለኝ አያ ካሳ።

«እማሆይ ብርሃኔ የሚባሉ ነበሩ።»

እጁ መሶቡ ላይ ቀረ። «ምን አሉሽ?»

«አያቴን በልጅነቱ አዝለውት ያውቃሉ።»

«ሌላስ?»

«ሌላማ ምን ይላሉ። ጀርባዬን አሹልኝ።»

ቀና ብዬ አላየሁትም። እሱም ጉርሻ ጠቅልሎ አጎረሰኝ፤ ጉርሻው ከአፌ ይበልጥ ነበር።

ሰኞ፣ ከዚያም በኋላ

የመመለሻው መኪና ሽቅብ ሲወጣ ልብሴን አንድ በአንድ እየደረብኩ ሄድኩ። ደብረ ታቦር ስደርስ እንደ ወጣሁት ነበርኩ፤ ነጠላና ጋቢ። አያ ፈንታ የጻፍኩትን ለቄስ አለባቸው ሰጠ። እሳቸውም አነበቡ፣ ቆጠሩ፣ «ይቅር» አሉ። እናቴ ለብቻዋ አለቀሰች። እህል ለማስፈጨት ስሄድ አድማሱ እንደ ወትሮው ድንጋዩን ጠርጎ ፈጨልኝ። ቀና ብሎ ግን አላየኝም፤ ቅንድቡን በእጁ ጀርባ ጠረገና ዱቄቱን ወደ ዐይኑ አስገባው።

ቅበላ ሲቃረብ አንድ ማለዳ በራችን ተንኳኳ። አያ ካሳ ነው። በፎገራ ነጠላው ብቻ ተራራውን ወጥቶ ጥርሱ ይንገጫገጫል። ከዚያ በፊት ደጋ ወጥቶ አያውቅም። እናቴ ጋቢ ደረበችለት።

«ሰው በዚህ ብርድ እንዴት ይኖራል?»

«በኩበት አንሞቅም፤ በእንጨት ነው» አለው አያ ፈንታ።

አያ ካሳ ከጉያው ትንሽ ቅል አወጣ። ማር ነው። «የወንድሜ ልጅ፣ ነይ» አለኝ። አውራ ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረና ወደ አፌ አቀረበው።

እናቴ ሳቀች። «ምነው ካሳ፣ ሕፃን አደረግሃት?»

እኔ አልሳቅሁም። ተንበርክኬ ቀመስኩ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ፣ «እማሆይ ብርሃኔ ጀርባ አሽተው ብቻ አይለቁም» አለኝ። ከዚያ ወደ እናቴ ዞሮ፣ «የንስሐ አባታችሁ ቤት የት ነው?» ሲል ጠየቀ።

ብቻውን ሄደ። እስኪመለስ እናቴ ሦስት ጊዜ እሳቱን አነደደችው።

በማግስቱ ቄስ አለባቸው ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። «ከዘሩ ወገን ቆጣሪ መጥቷል። ቆጥሮልኛል። እነዚህ ልጆች ቢጋቡ አይከለከሉም» አሉ።

«መጽሐፉ ሦስት ቤት አላለም ነበር? ስንት ሆነ?» አሉ አቶ ወርቅነህ።

«በንስሐ፣ ከመስቀል ሥር የተነገረኝ ነው ወርቅነህ። እኔ ሰምቻለሁ፤ በነፍሴ ነው የምናገረው። ትጠይቀኛለህ?»

አቶ ወርቅነህ አንገታቸውን ደፉ። ብርሌያቸውን አነሡ።

ሰርጋችን ጾሙ ሊገባ ሲል ሆነ። አያ ካሳ በአባቴ ቦታ ተቀምጦ መረቀን። ሲመለስ እኔና አድማሱ እስከ መኪናው ሸኘነው። እናቴ የሰጠችውን ጋቢ ሊመልስ ሲል ከለከልኩት።

«ወረታ ስደርስኮ ተሸክሜው ነው የምውለው» አለ።

«ይሁን አያ፤ ይሸከሙት» አልኩት። ከዚያ በፊት አንተ ነበር የምለው።

ጋቢውን አጣጥፎ በክንዱ ላይ አደረገና ከጆንያዎቹ በላይ ወጣ።